ለአዲስ የስፌት ድርጅት የሠራተኞች ፈቃድ ደንብ ሲወጣ ምን ምን ይካተታል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ከሁለት ሸሪኮቼ ጋር ኮምቦልቻ ላይ የተማሪዎች ደንብ ልብስ የሚሰፋ አነስተኛ ድርጅት ከፍተናል። ከሠራተኞቻችን ገሚሱ የከተማው ልጆች ሲሆኑ፣ የቀሩት በየማለዳው ከደሴ በሚኒባስ የሚወርዱና ከቃሉ ገጠር የመጡ ናቸው። እስካሁን ፈቃድ የሚሰጠው በቃል ስለሆነ፣ አንዷ ለለቅሶ ሦስት ቀን ተፈቅዶላት ሌላው ለተመሳሳይ ጉዳይ አንድ ቀን ብቻ በማግኘቱ ቅሬታ ተነሥቷል። የጽሑፍ ደንብ ለማውጣት ስንነሣ ከአንድ ወዳጃችን ያገኘነው ናሙና የዓመት ዕረፍት 14 የሥራ ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ አንድ ቀን እንደሆነ ይገልጻል። ትዕዛዝ የሚደራረብብን በነሐሴና በመስከረም ስለሆነ፣ አንደኛው ሸሪኬ ሠራተኛው ከፈለገ ዕረፍቱን በገንዘብ ይለውጥ ባይ ነው። ልምዱ ያላችሁ ብታስረዱን ምስጋናችን የላቀ ነው።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ (ደሴ)

በእጅዎ ያለው ናሙና ከተሻረው ከአዋጅ ቁጥር 377/1996 የተቀዳ ይመስላል፤ በየጽሕፈት ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሚገኘው አብዛኛው ቅጽ እንዲሁ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 77 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ዝቅተኛው ወሰን ስለሆነ፣ 14 ቀን ብላችሁ ጽፋችሁ ሠራተኛው ቢፈርምበት እንኳ ፊርማው አያድናችሁም። የሥራ ቀናት በመሆናቸውም የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል አይቆጠሩባቸውም።

የሸሪክዎን ሐሳብ በተመለከተ፣ የሥራ ውሉ ጸንቶ ባለበት ጊዜ ዕረፍትን በገንዘብ መለወጥ አይፈቀድም። ያልተወሰደ ዕረፍት በገንዘብ የሚከፈለው ውሉ ሲቋረጥ ሲሆን፣ ዓመት ያልሞላው ሠራተኛም በሠራው ጊዜ መጠን ተሰልቶ ይከፈለዋል። ለነሐሴና ለመስከረም ጭንቀታችሁ መላው የዕረፍት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የሚያወጣው አሠሪው ነው፤ ሆኖም የሠራተኛውን ፍላጎት በተቻለ መጠን ከሥራው ሁኔታ ጋር ማገናዘብ አለበት። ስለዚህ ሁሉም የሚመርጠውን ወር አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ አድርጉ፤ የቃሉ ልጆች መቼም አዝመራ የሚሰበሰብበትን ኅዳርን ሳይጠይቁ አይቀሩም፣ ለእናንተም ያ ወቅት የተመቸ ነው። ሠራተኛው ከጠየቀ ዕረፍቱ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ሥራ ሲያስገድድ ማስተላለፍ የተፈቀደ ቢሆንም ከሁለት ዓመት በላይ መግፋት አይቻልም፤ ብዙ አነስተኛ ድርጅት የሚቸገረው «ለከርሞ ትወስዳለህ» እየተባለ የተከማቸው ዕረፍት ሠራተኛው ሲለቅ በአንድ ጊዜ ዕዳ ሆኖ ስለሚመጣበት ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

ከላይ በተባለው ላይ የምጨምረው ስለ መዝገብ ነው። እኔ በምሠራበት ድርጅት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ካርድ አለ፤ የፈቃዱ ዓይነት፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን፣ የቀረው ቀን ይሰፍርበትና ሠራተኛውና ኃላፊው ይፈርሙበታል። ሠራተኞች የወሰዱትን ዕረፍት መዝግቦ መያዝ የአሠሪው ግዴታ እንደመሆኑ፣ ክርክር ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠየቀው ይህ ማስረጃ ነው።

የሕመም ፈቃድ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ሲሆን ሁለቱም ከደመወዝ ጋር ናቸው። በስፌት ቤት ሴቶች ስለሚበዙ ተተኪ የሚቀጠርበትን በጀት ካሁኑ ማሰብ ይበጃል። አባት ለሚሆነውም ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር አሉት፤ ይህ በየናሙናው የሚዘነጋ ነገር ነው።

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)

እግዜር ይስጥልን፤ ናሙናውን ትተን እንደ አዲስ እንጽፈዋለን። ለቅሶን በሚመለከት ግን እናት ለሞተችበትና የዕድር ጎረቤት ለሚቀብር ሠራተኛ እኩል መፍቀድ አለብን? የኢድ ቀን አስቀድሞ አለመታወቁስ እንዴት ይታያል?

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ (ደሴ)

እኩል አይደሉም። ሕጉ ሦስት የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር የሚሰጠው ሠራተኛው ሲያገባ፣ እንዲሁም የትዳር ጓደኛው፣ ተወላጁ፣ ወላጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት ነው። «የቅርብ ዘመድ» ብላችሁ ካለፋችሁት በሐዘን ላይ ያለን ሰው ዝምድናህን አስረዳ ማለት ይመጣል፤ ይህ ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ወንድምን፣ እህትንና አማትን በስም ዘርዝሩ፤ ክርክር የሚነሣባቸውን አጎትንና አክስትንም በራሳችሁ ፈቃድ ብትጨምሩ ወጪው ከቅሬታው ያንሳል። የዕድር ቀብር በሕጉ ስላልተጠቀሰ፣ ግማሽ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቅዳችሁ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሆነ ወስኑ፤ ወሎ ውስጥ ከቀብር የሚቀር ሰው ስለማታገኙ ብትከለክሉም ሰዉ መሄዱ አይቀርም።

ኢድ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ከዓመት ዕረፍት አይቀነስም። የጨረቃዋ ነገር የሚታወቀው በዋዜማው ምሽት በመሆኑ፣ ሊውል በሚችልባቸው ሁለት ቀናት የልብስ ርክክብ ለማንም ደንበኛ አትቅጠሩ፤ ሠራተኛውም በዓሉ በታወጀበት ቀን ሳይጠየቅ እንደሚቀር በደንቡ ላይ ጻፉት።