ማስታወቂያው ላይ ጽፌው ነበር እኮ! ጥፋቱ የማን ነው?

የብሎክ ጸሐፊ፦
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ (ሁሉም እምቢ ሲል እኔ ላይ የወደቀ ሥራ ነው)። በቀደም ቅዳሜ ሮቶው በበረኪና ሊታጠብ ስለነበር ማስታወቂያ ጽፌ ደረጃው ሥር ለጠፍኩ፤ ቴሌግራም ላይም ለቀቅኩ። «ውድ ነዋሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ብዬ ጀመርኩ። የጥበቃ መዋጮ የከፈሉትን አመሰገንኩ። ያልከፈሉትንም በጨዋ ደንብ ነካ አደረግኩ። መጨረሻ ላይ፣ ከማኅተሙ ከፍ ብሎ፣ «እስከ እሁድ 6 ሰዓት ውሃውን ባትጠቀሙ ይመረጣል» አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ቡሃቃቸውን አቅፈው መጡ። ከፈቱልኝ። ሊጡ ውሃ አላቀረረ፣ አረፋ የለው፤ ቅዳሜ እንዳቦኩት ተኝቷል። ሽታው የዋና ገንዳ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ምናለ ብትነግሪኝ?» አሉኝ። ጽፌዋለሁ እኮ!

ከጀሞ፦
የአንቺ ነው። «ይመረጣል» ካልሽማ ቢጠቀሙም ችግር የለውም ማለት ነው። እኔም ብሆን «እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለውን ሳይ አልፈዋለሁ፤ መዋጮ ነው ብዬ።

ጡረተኛው መምህር፦
የባሰም አለ። ኮሎምቢያ የምትባለው የናሳ መንኮራኩር በ2003 እ.ኤ.አ. ስትነሳ ከነዳጅ ጋኗ የተላቀቀ የፎም (ስፖንጅ መሰል መሸፈኛ) ቁራጭ ግራ ክንፏን መታት። መሐንዲሶች ለኃላፊዎች ባቀረቡት ስላይድ ላይ ርዕሱ የሚያረጋጋ ነበር። ዋናው ነገር ግን የመጨረሻዋ መስመር ላይ ተወሽቋል፦ ጉዳቱን ለመገመት ቀድሞ በሙከራ የታየው ቁራጭ 3 ኪዩቢክ ኢንች፣ እሷን የመታት 1920። 640 እጥፍ! ስትመለስ አየር ላይ ተበታተነች። 7ቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

ዝም አልልም፦
መምህር፣ ከሊጥ ወደ ጠፈር! የእኛ ነገር ሌላ ነው። ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አንናገርም። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተሂዶ ነው። ጸሐፊያችንም በረኪናውን አረዳች እንጂ አላስታወቀችም።

የብሎክ ጸሐፊ፦
እሺ፣ ተረታሁ። ጤፉን ከኪሴ ተካሁላቸው (ባሌ እንዳይሰማ)። የሚቀጥለውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ውሃ አትጠቀሙ! ከቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት እስከ እሁድ ቀን 6 ሰዓት። ሮቶው በበረኪና ይታጠባል። ሊጥም አታቡኩ።» ሰላምታው ከታች ሆኗል። ለእትዬ ግን ደረጃውን ወጥቼ እኔው እነግራቸዋለሁ። ለካ መነጽራቸው ከተሰበረ ሁለት ወሩ ነው።