ኪዮቶ ውስጥ የጾም እራት አጣሁ

የጃፓኗ ከተማ ኪዮቶ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ አራት ምሽት ይቀረኛል። ያረፍኩባት ክፍል ከዋናው ባቡር ጣቢያ በስተደቡብ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ናት፤ ከውኃ ማፍያ በቀር ማብሰያ የላትም። ዐቢይ ጾም ላይ ስለሆንኩ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ብቻ ሳይሆን ዓሣም አልቀምስም።

ያስቸገረኝ መረቁ ነው። ጃፓኖች «ዳሺ» የሚሉት የብዙ ምግባቸው መሠረት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ደርቆ በስሱ ከተላገ ዓሣና ከባሕር አረም ነው። ይህን ያወቅሁት በመጀመሪያው ምሽት፣ አትክልት ብቻ የመሰለኝን የኡዶን (ወፍራም የስንዴ ፓስታ) ሾርባ እስከ ጠብታው ከጨረስኩ በኋላ ነበር። ትናንት «ዓሣ አልበላም» የሚል ጽሑፍ በስልኬ አስተርጉሜ አሳየሁ። አስተናጋጇ በትሕትና ጎንበስ ብላ ዓሣውን ከላዩ አነሳችና ያንኑ መረቅ መልሳ አመጣችልኝ!

ምሳ እንኳን አያስቸግርም። በከተማዋ ምዕራብ ዳርቻ ባለው አራሺያማ፣ በቴንሪዩጂ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ፣ የመነኮሳቱን «ሾጂን ርዮሪ» (ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ) በላሁ፤ በትናንሽ ሳህን የተደረደረ አትክልትና ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ነው። በርበሬው ቢጎድለውም በያይነቱን አስታወሰኝ። እንዲህ ያሉት ቤቶች ግን በአብዛኛው የሚያስተናግዱት በቀን ነው፤ ቀድሞ ቦታ መያዝ የሚጠይቁም አሉ። ማታ ማታ ከሱቅ የምገዛው ነጭ ሩዝና ሙዝ አንገሽግሾኛል።

ከጣቢያው ብዙ ሳልርቅ፣ ቦታ ሳልይዝ፣ እስከ 2,000 የን በሚደርስ ዋጋ፣ መረቁ ዓሣ ያልነካው ትኩስ እራት የት አገኛለሁ?