ኮምባይነር የአጫጁን እንጀራ ነጥቋልን?

አወያይ፦ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ላይ ኮምባይነር የአጫጁን፣ የከማሪውንና የወቂውን ሥራ ጠቅልሎ ይዞታል። ለሠራተኛው ጠቅሟል ወይስ ጎድቷል?

የሮቤ ልጅ፦ ጠቅሟል ባይ ነኝ። በባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘራ የአንዱ ወቅት አዝመራ ሳይሰበሰብ የሌላው ዝናብ ይደርስበታል፤ የደረሰ ስንዴ ደግሞ ዝናብ ከደጋገመበት ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። አባቴ ለደቦ ሰው ሲለምን፣ እናቴ የደቦውን ምግብ ስታሰናዳ ቀናት ያልፉ ነበር፤ ዛሬ ያው ማሳ ከረፋድ እስከ ቀትር ታጭዶና ተወቅቶ በጆንያ ይሞላል። ከብክነት የተረፈው እህል ለወፍጮ ቤቱም ለጫኝና አውራጁም ሥራ ነው።

የአሰላ መምህር፦ ጫኙ ሥራ ማግኘቱ አጫጁን አያበላውም። ማጭድ ብቻ ይዞ ለወቅቱ የሚመጣ ሰው በማግስቱ ሹፌር ወይም መካኒክ ሊሆን አይችልም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ድጋፍ እዚሁ አሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለትም ‹ካዱ›፣ የታሰበው ለአነስተኛ ገበሬ ነበር፤ ሆኖም ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው እርሻን አትራፊ ሲያደርጉት ባለርስቶች በትራክተር ማረሱ ስላዋጣቸው ብዙ ጭሰኛ አስነሡ። የመሬት አዋጁ በየካቲት 1967 ሲታወጅ ለተነሡት ዘግይቶ ነበር። ጭሰኛውን ለዚህ ያበቃው በመሬቱ ላይ መብት ማጣቱ እንጂ ብረቱ ስላልሆነ፣ ዛሬም መጠየቅ ያለበት ኮምባይነሩ የማን እንደሆነ ነው።

ከመተማ፦ ሁሉን በስንዴ አትለኩት። ሰሊጥ ሲደርቅ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ስለሚረግፍ፣ እኛ ዘንድ ሳይደርቅ በእጅ ታጭዶ በሂላ፣ ማለትም ነዶው እርስ በርስ ተደጋግፎ፣ ይቆማል። ባለሀብቱ በአዝመራ ወቅት የሚጨነቀው ሠራተኛ በማጣት ነው።

የሮቤ ልጅ፦ መምህር ያነሡትን አልክድም፤ በኩንታል የምንከፍለው ኪራይ ለባለመኪናው ነው የሚሄደው፣ ደላላውም ድርሻውን ይወስዳል። የገበሬዎች ዩኒየን ቢገዛው ገንዘቡ እዚሁ በቀረ ነበር። እናቴ ግን ስለ ኪራዩ አንሥታ አታውቅም፤ የምትቆጨው መኪናው በየማሳው በትኖት በሚሄደው ገለባ ነው፣ ላሞቿ የሚከርሙት በእሱ ነበርና።