የተገደለው ወይስ ገዳዩ? የቼኮች የመንግሥትነት ቀን ለማን ይገባል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ትናንት መስቀልን አክብረናል፣ ዛሬ ወደ ክርክራችን። ፕራግ የምትኖረው እህታችን ጠዋት «ዛሬ እዚህ ሥራ የለም፣ የመንግሥትነት ቀን ነው» ብላ ጻፈችልን። በነሱ ሴፕቴምበር 28 ነው። ከ2000 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ቀኑ የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) መስፍን የነበረው ቫትስላቭ በወንድሙ በቦሌስላቭ ሴራ የተገደለበት ነው። ገዳዩ ደግሞ ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ገዝቷል፣ አገሪቱን ያቆማት እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ታዲያ የአንድ መንግሥት ቀን ለማን ይገባል? ዓመቶቹን ሁላችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንምታታ።

የሸገር ልጅ፦ ለቦሌስላቭ! ቫትስላቭ ምን ሠራ? በ929 የጀርመኖቹ ንጉሥ፣ ሳክሶናዊው ሄንሪ፣ ከባቫሪያው መስፍን ከአርኑልፍ ጋር ፕራግ ሲደርስ ገበረለት። በቃ። ቦሌስላቭ ግን ሥልጣን እንደያዘ ከሄንሪ ልጅ ከኦቶ ጋር 14 ዓመት ተዋጋ። ምሽግ ሠራ፣ ጦር አደራጀ። የመጀመሪያው የቼክ ገንዘብ፣ የብር ዲናር፣ በሱ ዘመን ተመታ። ኢብራሂም ኢብን ያዕቆብ የሚባለው መንገደኛ በ960ዎቹ መጥቶ ሲጽፍ «የፕራግ፣ የቦሄሚያና የክራኮው ንጉሥ» ብሎ ነው የጠራው። ልጁን ዶብራቫን ለፖላንዱ ሚዬሽኮ ዳረ፣ ሚዬሽኮም በ966 ተጠመቀ። የጎረቤት አገር ክርስትና እንኳ በሱ ቤት በኩል ነው የገባው። ይህ ሁሉ ሥራ ተረስቶ በዓሉ ለተሸነፈው ይሰጣል?

ዲያቆን፦ ወንድሜ፣ «ተሸነፈ» ያልከው ሰው እንዴት እንደሞተ አስታውስ። ቦሌስላቭ ለቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ በዓል ብሎ ወደ ራሱ ከተማ ጋበዘው። በልቶ ጠጥቶ አደረ። ጠዋት ወደ ጸሎት ሲሄድ ወንድሙ በሰይፍ መታው። ገድሉ እንደሚለው ቫትስላቭ ወንድሙን መሬት ላይ ጣለው፣ ሰይፉ እጁ ገብቶ ሳለ አልገደለውም። ከዚያ የቦሌስላቭ ሰዎች ደረሱና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጨረሱት። ቦሌስላቭ ያን ጊዜ መሸነፉ ነው። በኛ ስንክሳር የሌለ ሰማዕት ነው፣ ግን እንግዳን በማዕድ ጋብዞ መግደል በየትኛውም አገር ነውር ነው።

የሸገር ልጅ፦ ገድሉን የጻፉት ካህናት ናቸው። ሌሊት ስንዴ አጭዶ ለቁርባን ራሱ ይፈጭ ነበር የሚለውንም እነሱ ናቸው የጻፉት። በግድያው አልከራከርም፣ ግፍ ነው። የምከራከረው መንግሥትን ማን ሠራው በሚለው ነው።

የፕራጓ፦ እሺ፣ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፕራግ ግንብ ላይ ባለው በቅዱስ ቪት ካቴድራል ውስጥ የቫትስላቭ ጸሎት ቤት አለ። በሩ ላይ የአንበሳ ራስ ያለበት የነሐስ ቀለበት ተንጠልጥሏል። ሲገድሉት የጨበጠው ይሄን ነው ይላሉ። መጀመሪያ ያሳየችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፣ እንደ አብዛኞቹ ቼኮች በሃይማኖት የለችበትም። ስለ ቀለበቱ ስታወራ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በቀጠሮም ብትሉ «ፈረሱ ጋ እንገናኝ» ነው የምንባባለው፣ የቫትስላቭ አደባባይ ላይ ያለው ሐውልት ማለት ነው። የ1918ቱም ነፃነት የ1989ኙም ሰልፍ እዚያ ፈረስ ሥር ነበር። ሕዝቡ ሲጨንቀው የሚሰበሰበው ቦሌስላቭ ጋ አይደለም።

መምህር፦ ልጆቼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ያ ቀለበት ከግድያው ብዙ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው፣ የጥበብ ሥራውን አይቶ መለየት ይቻላል። የግድያው ዓመትም አከራክሯል፣ 929 ነው የሚሉ ነበሩ፣ ዛሬ ብዙው የታሪክ ሰው 935 ይላል።

ወደ መገበሩ ልምጣ፣ የኔ ነገር እዚያ ላይ ነው። የሸገሩ ልጅ «ገበረ፣ በቃ» አለ። ከመገበሩ በፊት በነበረው ክረምት ምን እንደሆነ ግን አልነገረንም። ሄንሪ በረዶ ላይ ሰፍሮ ብራንደንቡርግን ያዘ። ያ ከተማ የቫትስላቭ እናት የድራሆሚራ ወገኖች ከተማ ነው። ከዚያ ሌላ የስላቭ ሕዝብ ምሽግ ከበበ፣ በ20ኛው ቀን ሰበረው። ሳክሶናዊው ጸሐፊ ቪዱኪንድ እንደሚለው አዋቂዎቹ በሙሉ ተገደሉ፣ ልጆቹ ለባርነት ተወሰዱ። ይህን ያደረገው ጦር ነው ቀጥሎ ወደ ፕራግ የመጣው። ቫትስላቭ ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነበር። አያቱ ሉድሚላ ቴቲን ላይ ታንቃ ስትገደል የ14 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር፣ ያስገደለቻትም የገዛ እናቱ ናት ይባላል። ደም ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ገበረ፣ ፕራግም አልተቃጠለችም። የነዚያ ልጆች ዕጣ የፕራግ ልጆች ላይ አልደረሰም። ይህን ፍርሃት አልለውም።

ቦሌስላቭስ? 14 ዓመት ተዋግቶ በ950 ለኦቶ ገበረ። በ955 ደግሞ ማጃሮችን (ሃንጋሪዎችን) ለመውጋት ሰዎቹን ከኦቶ ጋር ሌሽፌልድ በሚባለው የጦር ሜዳ አሰለፈ። መጨረሻው ወንድሙ ከ21 ዓመት በፊት የቆመበት ቦታ ነው።

የሸገር ልጅ፦ ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። ቦታው አንድ አይደለም። ቫትስላቭ ሲገብር የፕራግና የአካባቢዋ ጌታ ነበር። ቦሌስላቭ ሲገብር ግን ሌሎቹን የአገሩን መሳፍንት አስገብሮ፣ ምሽግና ጦር ይዞ ነው። እነዚያ 14 ዓመታት ናቸው አገር ያደረጓት።

መምህር፦ ይህስ እውነት ነው። ተቀብያለሁ።

የፕራጓ፦ ያ ሁሉ ብር ከየት መጣ ብለህ ግን ጠይቅ። አንተ የጠቀስከው ኢብራሂም ከፕራግ ምን እንደሚወጣ ጽፏል፦ ባሪያ፣ ቆርቆሮና የእንስሳ ቆዳ። ከተማዋ በድንጋይና በኖራ የተሠራች ሀብታም ናት ብሎ አድንቋል፣ ገበያው ላይ ግን ሰው ይሸጥ ነበር። የቫትስላቭ ገድል ደግሞ ለሽያጭ የቀረቡትን እየገዛ ነፃ ያወጣ ነበር ይላል። ይሄ ካህናት ያሳመሩት ነው ብትለኝ እንኳ፣ ሰው ያን ማመን መፈለጉ ራሱ ይነግረኛል። ገረድነት በየቤቱ ሠርታ ቤተሰብ የምትረዳ እህት ያለችው ሰው ሰውን መሸጥ ቀላል ነገር አይመስለውም።

የሸገር ልጅ፦ ይሄኛው ከበደኝ። ልክ ነሽ፣ ብሩን ስቆጥር ሰዎቹን አልቆጠርኩም።

ዲያቆን፦ አንድ ነገር ልጨምር። ከግድያው ጥቂት ዓመታት በኋላ የቫትስላቭን አስከሬን ወደ ፕራግ፣ ራሱ ወዳስጀመረው ቤተ ክርስቲያን ያፈለሰው ቦሌስላቭ ነው። ለኔ ንስሐ ነው።

መምህር፦ ንስሐም ሊሆን ይችላል፣ ፖለቲካም። ጳጳስ ለማግኘት የራስህ ቅዱስ ቢኖርህ ይረዳል፣ ፕራግም በ973 መንበሯን አገኘች። የቅዱሱን ስም ለራሱ ጉዳይ የተጠቀመው ደግሞ ቦሌስላቭ ብቻ አይደለም። በሂትለር ዘመን የነበሩት ገዢዎች «ቫትስላቭ ለጀርመን ገብሯል፣ እናንተም ገብሩ» ይሉ ነበር። በ1944 በስሙ ኒሻን እስከ መስጠት ደርሰዋል። በዓሉ ሲታወጅ የተቃወሙ ቼኮች ይህ ቆጥቁጧቸው ነበር ቢባል አይፈረድባቸውም።

አወያይ፦ እኔ ስጀምር ከሸገሩ ልጅ ጋር ነበርኩ። የጋሼ የምሽጉ ታሪክ ነው ሐሳቤን ያስለወጠኝ። በ20ኛው ቀን ከዚያ ምሽግ የወጡት ልጆች ከዓይኔ አልጠፉም። ድምፄ ለቫትስላቭ ነው። የሸገሩ ልጅስ?

የሸገር ልጅ፦ መንግሥቱን የሠራው ቦሌስላቭ ነው፣ ከዚህ አልወርድም። ግን በስሙ በዓል ይደረግ አልልም። ዲናሩ ሙዚየም ይቀመጥለት፣ ሥራው በትምህርት ቤት ይነገር። እህቴ፣ የዛሬው ሰልፍ የት ነው?

የፕራጓ፦ ስታራ ቦሌስላቭ፣ የተገደለበት ከተማ። በየዓመቱ የራስ ቅሉን ከፕራግ አምጥተው በሰልፍ ያዞሩታል። ባልደረባዬ መኪና ይዛ እታች እየጠበቀችኝ ነው፣ ማታ ፎቶ እልክላችኋለሁ።