ዋይልድ ካርድ ቤዝቦልን አዳነው ወይስ አረከሰው?

ካምደን ያርድስ፦
ሰላም ለዚህ ግሩፕ። ቅዳሜ ማታ ከሚስቴ ወንድም ጋር ስንጨቃጨቅ አምሽተን ሳንግባባ ተለያየንና እናንተ ፍረዱን ብዬ ነው። 162 ጌም ተጫውቶ ዲቪዥኑን (ምድቡን) ያሸነፈ ቡድን በዋይልድ ካርድ፣ ማለትም ዲቪዥን ሳያሸንፉ በጥሩ ውጤት ከሚገቡት ጋር በሚደረገው የሦስት ጌም የፕሌይኦፍ መጀመሪያ ዙር፣ ወደቤቱ መሸኘቱ ልክ ነው ወይ? የ2025ቱን ክሊቭላንድ አስታውሱ እስቲ። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ከዲትሮይት በ15 ጌም ተኩል ወደኋላ ቀርተው ነበር፣ ሰው ሁሉ ቀብሯቸዋል፣ እኔም ራሴ አለቀላቸው ብያለሁ፣ ከዛ ቀን በቀን እየለቀሙ እየለቀሙ መጥተው በሲዝኑ መጨረሻ ቀን ዲቪዥኑን ወሰዱት፣ 88 ድል ለ87። ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት አጥብቦ አንደኛ የወጣ ቡድን በቤዝቦል ታሪክ የለም። እና ምን አገኙ? በሁለተኛው ቀን ያው ዲትሮይት ደጃቸው ድረስ መጥቶ ሁለት ለአንድ አሸንፎ አሰናበታቸው። ሦስት ወር የለፉበት በሦስት ቀን ተበላ።

እኔ የኦሪዮልስ (የባልቲሞር ቡድን) ልጅ ነኝ ቁስሌን ታውቁታላችሁ። 2021 ላይ 110 ጌም የተሸነፈ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ 101 አሸነፈ፣ በርካሽ ተጫዋች፣ በልጆች። ከዛ ቴክሳስ በዋይልድ ካርድ ገብቶ ሦስት ለዜሮ ጠራረገን። 101 ድል የአህያ ባል ሆነብን፣ ከጅብ አላስጣለንም። ለእኔ ትንሹ ቡድን ትልቁን ማሸነፉን የሚያሳየው ረጅሙ ሲዝን፣ ፔናንት ሬሱ ነው እንጂ የሦስት ቀን ዕጣ አይደለም።

ናትስ 2019፦
ካምደን ወንድሜ ቁስልህ ይገባኛል ግን አልስማማም፣ ያንተ ሕግ ቢሰራ ኖሮ እኛ ዲሲዎች እስከዛሬ ባዶ እጃችንን ነበርን። 2019 ላይ ናሽናልስ ሜይ ላይ 19 ለ31 ነበሩ፣ ማናጀሩ ይባረር ይባል ነበር። ጨርሰው 93 አሸነፉ ግን አትላንታ 97 አሸንፎ ዲቪዥኑን ወሰደ። በድሮው ሕግ እዚህ ላይ ታሪኩ ያበቃል፣ ማንም አያስታውሰውም። ዋይልድ ካርድ ስለነበረ ግን ገቡ፣ 106 ያሸነፈውን ዶጀርስ ጣሉ፣ ሴንት ሉዊስን አራት ለዜሮ፣ ከዛ 107 ያሸነፈውን ሂውስተን በሰባት ጌም። ከ1924 ወዲህ ዋሽንግተን ዋንጫ አይቶ አያውቅም ነበር እኮ! ይሄ ዕጣ ነው የምትለው? ዶጀርስን በአምስተኛው ጌም በአሥረኛው ኢኒንግ (ዙር) በግራንድ ስላም፣ በአንድ ምት አራት ሰው አስገብቶ ማሸነፍ ዕጣ ነው?

ካምደን ያርድስ፦
ያችን የሚልዋኪዋን ማታ ግን አስታውሳት። ያኔ ዋይልድ ካርዱ አንድ ጌም ብቻ ነበር፣ ስምንተኛው ኢኒንግ፣ ሦስት ለአንድ እየተመራችሁ፣ ሁለት አውት። የናንተው ሶቶ መታት ኳሷ ወደ ራይት ፊልድ ሄደች፣ እዚያ የቆመው የሚልዋኪ ልጅ ሊያነሳት ሲል ከጓንቱ ስር ሾልካ አመለጠችው፣ ሦስት ሰው ገባ። ያቺ ኳስ ጓንት ውስጥ ብትገባ ሁለት ሰው ገብቶ እኩል ለእኩል ነበራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያውቃል። የአንድ ቡድን ዓመት በአንዲት ኳስ ንጥረት ላይ ይንጠልጠል?

ናትስ 2019፦
አዎ ይንጠልጠል! ለዛ ነው የምናየው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ እኔ ገና እየለመድኩ ነው፣ መስሪያ ቤት ያሉ ልጆች ናቸው ያስለመዱኝ። ፔናንት ሬስ ፔናንት ሬስ ትላላችሁ፣ ምን ማለት ነው? ከፕሌይኦፍ በምን ይለያል?

ጋሽ ታክሲ፦
ልጄ እኔ ላስረዳህ። ፔናንት ባንዲራ ነው፣ የሊጉ አሸናፊ የሚሰቅለው ረጅም ሦስት ማዕዘን ባንዲራ። እስከ 1968 ድረስ ፕሌይኦፍ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሁለት ሊግ አለ፣ በየሊጉ አንደኛ የወጣው ባንዲራውን ይወስዳል፣ ሁለቱ ቀጥታ ዎርልድ ሲሪስ ይገናኛሉ፣ በቃ። ሁለተኛ ከወጣህ ወደቤትህ። ስለዚህ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው ሩጫ ፔናንት ሬስ ይባላል። 1951 ላይ የኒውዮርክ ጃያንትስ ከብሩክሊን ዶጀርስ በ13 ጌም ተኩል ወደኋላ ነበሩ፣ ኦገስት ላይ ነው፣ ደርሰው እኩል ሆኑ፣ ሦስት ጌም ተጨመረላቸው፣ በሦስተኛው በመጨረሻው ኢኒንግ የጃያንትሱ ቦቢ ቶምሰን ሆምረን መትቶ፣ ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ፣ ጨረሰው። እነዚያን ሦስት ጌሞች አሜሪካ ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ በቴሌቪዥን አያቸው፣ ከዚያ በፊት በቤዝቦል እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የፔናንት ሬስን ስም ያስጠራው እሱ ነው።

የሲያትል ልጅ፦
ጋሼ አከብርዎታለሁ ግን ጃያንትስ ያን ዓመት ሴንተር ፊልድ ላይ ቴሌስኮፕ አስቀምጠው ካቸሩ ለኳስ ወርዋሪው የሚሰጠውን ምልክት እየሰረቁ እንደነበር ተጫዋቾቹ ራሳቸው ኋላ ተናግረዋል፣ የድሮው ሁሉ ንጹህ አልነበረም ለማለት ነው።

ጋሽ ታክሲ፦
እውነትህን ነው እሱን አልክድም። ግን ኳሷን መምታት አሁንም የሰውዬው ፋንታ ነው።

የሲያትል ልጅ፦
እሺ አሁን የኔን ስሙ። ማሪነርስ 2001 ላይ 116 ጌም አሸነፉ፣ ከዛ በላይ ያሸነፈ የለም፣ ያንኪስ አራት ለአንድ አስወጣቸው። ከዛ በኋላ 20 ዓመት ፕሌይኦፍ አልገባንም። 20 ዓመት! የመጀመሪያ ልጄ ተወልዶ ኮሌጅ ገባ። 2022 ላይ ነው ካል ራሊ በዘጠነኛው ኢኒንግ ሆምረን መትቶ ያስገባን፣ በምን? በዋይልድ ካርድ። ቶሮንቶ ሄደን 8 ለ1 ተመርተን 10 ለ9 አሸነፍን፣ እኔ ስራ ቦታ መጋዘን ውስጥ በስልክ እያየሁ ጮኬ ሱፐርቫይዘሬ እሳት የተነሳ መስሎት ሮጦ መጣ። እና ይሄ ይቅር ነው የምትለኝ ካምደን? ሜጀር ሊግ ውስጥ ካሉት 30 ቡድኖች ዎርልድ ሲሪስ ረግጦ የማያውቅ እኛ ብቻ ነን። 2025 ላይ ለመግባት ስምንት አውት ቀርቶን የቶሮንቶው ስፕሪንገር ሆምረን መትቶ አፈር አበላን። ግን ተስፋው ራሱ ትልቅ ነገር ነው ወንድም፣ ተስፋ የሌለው ሴፕቴምበር እኔ አውቀዋለሁ፣ ስታዲየሙ ባዶ ነው፣ ቢራ የሚሸጠው ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጌሙን ያያል።

ካምደን ያርድስ፦
ተስፋማ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ከ30 ቡድን 12ቱ ሲገባ የሴፕቴምበሩ ሩጫ ራሱ ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ነው የሚሆነው እኮ። 1993ን ያየ ሰው አለ? ሳን ፍራንሲስኮ 103 አሸንፎ ቀረ፣ አትላንታ 104። በመጨረሻው ቀን! 103 ያሸነፈ ቡድን ቴሌቪዥን ሲያይ ከረመ። ጭካኔ ነው አዎ፣ ግን እያንዳንዷ የኤፕሪል ጌም ትርጉም ነበራት። አሁን ቢሆን ሁለቱም ይገቡና አንዱ ወር ሙሉ ተጫዋች እያሳረፈ ይጨርስ ነበር።

እግር ኳስ የምታዩ ደግሞ ንገሩኝ፣ ፕሪምየር ሊግ ፕሌይኦፍ አለው? የለውም። 38 ጨዋታ፣ ግንቦት ላይ ከላይ ያለው ዋንጫ ያነሳል። ሌስተር 2016 ላይ እንደዛ ነው ያሸነፈው፣ ማንም እድለኛ ነው አላለውም፣ ምክንያቱም 38 ጊዜ አሳይቷል። ትንሽ ቡድን እንደዛ ሲያሸንፍ አፍ ያዘጋል።

ናትስ 2019፦
ሌስተርን አንድ ጊዜ አየን፣ ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም ያው ባለገንዘቦቹ ናቸው። ቤዝቦል ደግሞ የደሞዝ ጣሪያ የለውም፣ ዶጀርስ የፈለገውን ይገዛል። በረጅም ሲዝን ብር ያሸንፋል ካምደን፣ 162 ጌም ማለት እኮ የተጠባባቂ ብዛት ማለት ነው። ደካማው የሚያሸንፈው አጭር ላይ ነው፣ ሁለት ጥሩ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ካለህ ማንንም ትጥላለህ። ፒቸራችን ሸርዘር በ2019 አንገቱን ይዞት እጁን ማንሳት አቅቶት የሂውስተኑን አምስተኛ ጌም ቀረ፣ በሦስተኛው ቀን መርፌ ተወግቶ መጥቶ ሰባተኛውን ጀመረ። በዚያው ሰባተኛ ጌም የኛው ኬንድሪክ የመታት የሆምረን ኳስ ደግሞ የፋውል ፖሉን፣ የሜዳው ዳር ምሰሶን፣ ሽቦ ስትመታ ድምጿ እስከ ሶፋዬ ተሰማ፣ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች።

ሚሚ አሌክሳንድሪያ፦
እናንተ ሁላችሁም የምትከራከሩት ማን ይግባ ማን ይውጣ ነው። እኔ ደግሞ የምለው ማን ያየዋል? ናትስ፣ አንተ 2019ን ሶፋህ ላይ ያየኸው ዎርልድ ሲሪስ ስለሆነ ነው፣ እሱ ክፍት ቻናል ላይ ነው። ከ19 ለ31 የተነሱበትን ሰመር ስንታችን አየነው? ኬብል የሌለው አላየም። እኔ ኬብሌን ሰርዤ የሊጉን ስትሪሚንግ ገዛሁ፣ ብሩን ከፍዬ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን፣ ይሄ ጌም ባሉበት አካባቢ አይታይም ይላል። ዲሲ አካባቢ ከሆንሽ ናሽናልስም ኦሪዮልስም ሁለቱም ዝግ ናቸው! የሲያትልን ግን ማየት እችላለሁ፣ የሩቁን አያለሁ የጎረቤቴን አላይም። ምክንያቱ የሁለቱንም ቡድን ጌም የያዘው ያው አንዱ የኬብል ቻናል ማስን ስለነበረ ነው፣ ኦሪዮልስ ትልቁን ድርሻ ይዞ፣ ሁለቱ ቡድኖች በብሩ ዓመታት ተካሰው 2025 ላይ ነው የተስማሙት። አዮዋ ያለ ሰው ደግሞ ስድስት ቡድን ነው የሚዘጋበት፣ በግዛቱ አንድም ቡድን ሳይኖር።

ደንበኛ አገልግሎት ደውዬ ሴትየዋን ለምን ብዬ ስጠይቃት ዚፕ ኮድዎን ይቀይሩ አለችኝ። ቤት ልቀይር?

አዲስ ገቢ፦
እኔ እኮ አፑ ተበላሽቶ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት 😭

ጋሽ ታክሲ፦
ሚሚዬ እውነት ተናገርሽ። እኔ 2019ን ሙሉውን በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ያን የሚልዋኪ ማታ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ቦታ ነበርኩ፣ የሁለት ሰዓት ወረፋ፣ ከኔ ኋላ ያሉት ልጆች መኪናቸውን ትተው መጥተው በኔ መስኮት አንገታቸውን አስገብተው፣ ስድስት ሰባት ሰው፣ ግማሹ ሕጉን አያውቀውም። ሶቶ ሲመታ አናውንሰሩ ጮኸ እኛም ጮኽን፣ ወረፋው ተንቀሳቅሶ ከኋላ ክላክስ ይደበደባል ማንም አልሰማም። ሬዲዮ አይዘጋም፣ ብር አይጠይቅም። ፍቅሬን የሰራው እሱ ነው።

የሲያትል ልጅ፦
በዚህ ከሚሚ ጋር ነኝ። 2023 ቴክሳስና አሪዞና ዎርልድ ሲሪስ ሲጫወቱ በአማካይ ከ9 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነው ያየው፣ ከተቆጠረ ጀምሮ ዝቅተኛው። አሪዞና 84 ጌም ብቻ አሸንፎ የገባ ቡድን ነው፣ ከዚህ በላይ ደካማው ሲነሳ የሚታይበት የለም። ጋዜጠኞቹ ሕዝቡ ትንንሽ ቡድን አይወድም አሉ። ውሸት ነው! እሁድ ማታ በእሁድ ማታ ያንኪስ፣ ቦስተን፣ ዶጀርስ እያሳዩን የአሪዞናውን ኮርቢን ካሮልን በምን እንወቀው? ሰው የማያውቀውን ሰርግ አይሄድም።

ካምደን ያርድስ፦
እዚህ ላይ አልከራከርም። ዲቪዥን ሬስ ሰው እንዲወድ ከተፈለገ ሴፕቴምበር ላይ የሚፎካከሩትን ሁለት ቡድኖች በክፍት ቻናል ያሳዩ። የክሊቭላንድን ሩጫ እኔ ራሴ በሃይላይት ነው የተከታተልኩት፣ ጠዋት ባቡር ውስጥ፣ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ።

ስለ ዋይልድ ካርዱ ግን አንድ ሐሳብ ላምጣ። ጃፓኖች እንዴት እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? ሲዝኑን አንደኛ የጨረሰው የሊጉ አሸናፊ ተብሎ ስሙ ይጻፍለታል፣ ፕሌይኦፉ ላይ ቢወድቅ እንኳን አይነጠቅም። የመጨረሻው ዙር ላይ ደግሞ አንድ ድል ይዞ ነው የሚጀምረው፣ ገና ኳስ ሳይወረወር አንድ ለዜሮ። ኮሪያም ተመሳሳይ አላት፣ አራተኛው አምስተኛውን ሲገጥም አራተኛው አንድ ካሸነፈ ይበቃዋል፣ አምስተኛው ግን ሁለቱንም ማሸነፍ አለበት። ይሄን እዚህ አምጡት። ክሊቭላንድ አንድ ለዜሮ ይዞ ቢጀምር ኖሮ ሁለተኛውን ጌም ሲያሸንፍ አልፏል።

ናትስ 2019፦
ይሄ ይጣፍጣል... ግን ደካማውን የበለጠ አያደክመውም?

ካምደን ያርድስ፦
2024 ላይ ዮኮሃማ ሦስተኛ ወጥቶ ገባ፣ አንደኛ የወጣው ዮሚዩሪ ያንን አንድ ድል በእጁ ይዞ ጠበቀው፣ ዮኮሃማ ግን አሸንፎት አልፎ የጃፓንን ዋንጫ ወሰደ። በሩ አልተዘጋም እኮ፣ ደፉ ትንሽ ከፍ አለ እንጂ። እንደዛ ያሸነፈ ሰው እኔ ራሴ ተነስቼ አጨበጭብለታለሁ።

የሲያትል ልጅ፦
እሺ በዚህ መንገድ ከሆነ እጄን አወጣለሁ። ብቻ 12ቱን ወደ ስምንት እንመልስ ካልክ ተጣላን።

ናትስ 2019፦
እኔ ገና አልወሰንኩም። 2019 ላይ ዶጀርስ አንድ ለዜሮ ይዞ ቢጀምር ሦስተኛው ጌም ላይ አልቆልን ነበር፣ ያ ግራንድ ስላም አይኖርም ነበር። እሱን ሳስብ እጄ አይነሳም።

ሚሚ አሌክሳንድሪያ፦
ሊጉን የሚመሩት ሰዎች ሕጉን አሥር ጊዜ ቀይረዋል፣ ፒች ክሎክ (ፒቸሩ ጊዜ እንዳያባክን የሚቆጥር ሰዓት) አመጡ ጌሙ ከሦስት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ አጠረ፣ ጥሩ ነው፣ ወድጄዋለሁ፣ ልጆቼ ሳይተኙ ያልቃል። ብላክአውቱን፣ ያን የአካባቢ ጌም መዝጋት፣ ለማንሳት ምን ያህል ይከብዳል? እኔ ድምፄን የምሰጠው መጀመሪያ ለሱ ነው።

አዲስ ገቢ፦
ጋሼ ያ የሬዲዮ ጣቢያ ቁጥሩ ስንት ነው?

ጋሽ ታክሲ፦
106.7 ኤፍ ኤም። አሁን ክፈተው፣ ሦስተኛው ኢኒንግ ላይ ናቸው።