እንጆሪን በሚበላ ሽፋን ማቆየት፦ ማቀዝቀዣ ለሌለው አምራች ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ የሆለታ አምራች

ጤና ይስጥልኝ። ሆለታ አካባቢ በአነስተኛ መሬት እንጆሪ እያመረትሁ አዲስ አበባ ለሚገኙ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች አቀርባለሁ። ፍሬው ማለዳ ተለቅሞ በዕለቱ ገዢው ዘንድ ቢደርስም፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ መለስለስ ይጀምራል፤ ቀጥሎም ግራጫ ሻጋታ ስለሚያወጣ ገዢዎቼ ከሂሳቤ ላይ ይቀንሱብኛል። ቀዝቃዛ ክፍልም ሆነ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና የለኝም። ፍሬን አብሮ ሊበላ በሚችል ስስ ፈሳሽ ነክሮ የማቆየት ዘዴ እንዳለ አንብቤአለሁ፤ ከተጠቀሱት መካከል ቺቶሳን፣ አልጂኔትና የእሬት ዝልግልግ ይገኙበታል። ለእኔ የሚስማማው የትኛው ነው? ጣዕሙንስ አይለውጥም? ብዙዎቹ ደንበኞቼ ጿሚዎች ስለሆኑ ከምን እንደሚሠራም በትክክል ልነግራቸው እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የምግብ ሳይንስ ባለሙያ

የእንጆሪ ልጣጭ እጅግ ስስ በመሆኑ ውኃው ቶሎ ይተናል፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላም በፍጥነት ስለሚተነፍስ ስኳሩን ያቃጥላል። ሽፋኑ ትነቱንና የኦክስጅኑን መግባት ያዘገያል። ቺቶሳን ከዚህ አልፎ ራሱ ሻጋታን የሚገታ ስለሆነ ለእንጆሪ በሰፊው ተጠንቷል፤ በካናዳ የላቫል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ቺቶሳን የተቀባው እንጆሪ ካልተቀባው ያነሰ በስብሶ ተገኝቷል። ቺቶሳን በንጹሕ ውኃ አይሟሟም፤ በጥቂት አቼቶ ወይም በሌላ ለምግብ በሚውል ቀላል አሲድ በጎመዘዘ ውኃ መሟሟት አለበት። የተለመደው መጠን በአንድ ሊትር 10 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሲበዛ ምላስ የሚይዝ ጣዕም ይተዋል።

ስለ ጾም መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ በገበያ ያለው ቺቶሳን በአብዛኛው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣ ነው። በዚህ ምክንያት ለጿሚ ብቻ ሳይሆን የባሕር እንስሳት አለርጂ ላለበት ሰውም በማሸጊያው ላይ መገለጽ ይኖርበታል። ከእንጉዳይና ከሻጋታ ዝርያዎች የሚሠራም አለ፤ ሲገዙ ምንጩን ይጠይቁ። አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም የሚገኝ በመሆኑ የጾም ጥያቄ አያስነሳም፤ ፍሬው አልጂኔቱ ውስጥ ከተነከረ በኋላ ካልሲየም ክሎራይድ ባለበት ውኃ ሲገባ ሽፋኑ ይረጋል። ከወተት ፕሮቲን ከሚሠሩት ግን ይራቁ።

መልስ፦ የአትክልትና ፍራፍሬ ኤክስቴንሽን ባለሙያ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ጠያቂው ወደ መንከሪያው ባልዲ የቸኮሉ ይመስለኛል። እንጆሪ እስኪበላ ድረስ የማይታጠበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የረጠበ ፍሬ ሳይደርቅ ከታሸገ የሻጋታው መራቢያ ይሆናል፣ አንድ የበሰበሰ ፍሬም መንከሪያውን በሙሉ ይበክላል። በተጨማሪም የግራጫው ሻጋታ ፈንገስ ብዙ ጊዜ በአበባው ገብቶ ፍሬው እስኪበስል ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ከውጭ የሚቀባ ሽፋን አስቀድሞ የገባውን አያወጣውም። የደረቁ ቅጠሎችንና የበሰበሱ ፍሬዎችን ከማሳው ማስወገድ፣ ፍሬው አፈር እንዳይነካ ከሥሩ ጭድ ወይም ፕላስቲክ ማንጠፍ፣ ከላይ ውኃ ከመርጨት ይልቅ በጠብታ ማጠጣት ከየትኛውም ሽፋን በፊት ይመጣሉ።

የቀረው የሙቀት ጉዳይ ነው። እንጆሪ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከ90 እስከ 95 በመቶ በሆነ እርጥበት አንድ ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ በ20 ዲግሪ ግን ከአንድ ወይም ሁለት ቀን አያልፍም። ጤዛው እንደደረቀ፣ ፀሐይ ሳትጠነክር ይልቀሙ፤ በቀጥታ መሸጫው ዕቃ ውስጥ እንጂ ከዕቃ ወደ ዕቃ አይገልብጡ። በበጋ ግድግዳው በረጠበ ከሰል የተሞላ ማቀዝቀዣ ጥሩ ያግዛል፤ በክረምት አየሩ ራሱ ስለሚረጥብ ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

የሆለታ አምራች

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማሳውን ከማጽዳትና ከከሰሉ ማቀዝቀዣ እጀምራለሁ። ሆኖም በግቢዬ እሬት ስላለ በጥቂት ፍሬ ላይ ብሞክረው ምን ይላሉ?

የምግብ ሳይንስ ባለሙያ

በግቢዎ ያለውን እሬት ለሽያጭ በሚውል ፍሬ ላይ አይጠቀሙ። በጥናት የተፈተነው አሎ ቬራ የሚባለው ዝርያ ነው፤ የአገራችን እሬቶች ግን ብዙ ዓይነት ናቸው። በአሎ ቬራም ቢሆን ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ሆድ ስለሚያስቀምጥ ከነጩ ዝልግልግ ፈጽሞ መለየት አለበት። ከቅርብ የሚገኝ ነገር ከፈለጉ የበለስ ቁልቋል ዝልግልግ በእንጆሪ ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል።

ሙከራውን በአንድ ማለዳ ከተለቀመ ምርት ያድርጉት፤ ግማሹን ነክረው በቬንትሌተር አድርቀው፣ ግማሹን እንዳለ ትተው ጥላ ሥር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሁለቱንም በየቀኑ ይመዝኑ፣ የሻገቱትንም ይቁጠሩ፤ የተነከረው ክብደቱን ቢጠብቅ እንኳ የአልኮል ሽታ ካመጣ ሽፋኑ ወፍሮ ፍሬውን አፍኖታል ማለት ስለሆነ በሚቀጥለው ፈሳሹን ያቅጥኑት።