6 ዓመት የቆመ ቢጄ 40 ላንድክሩዘር፦ ከየት ልጀምር? (ጅማ)

ሄርማታ 40

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባታችን የወረስነው ቢጄ 40 ላንድክሩዘር አለን። አጭሩ ሻንሲ ነው፤ ባለ 2,977 ሲሲው «ቢ» የናፍጣ ሞተር፣ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ፣ ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ታምቡር። ጅማ ውስጥ ቡና መጋዘን ጥግ ላይ 6 ዓመት ቆሟል። ሁኔታው ይህን ይመስላል፦

ሞተሩ በእጅ ሲዞር ሩብ ዙር ሄዶ ይይዛል። የፊት ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል ዘይት እያፈሰሰ ታምቡሩን አርሶታል። የፍሬን ፔዳል ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ከሹፌሩ እግር ሥር ያለው ላሜራ ተበልቶ መሬቱ ይታያል። ሰልባቲዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ውስጥ ግማሽ ያህል የድሮ ናፍጣ አለ። ባትሪዎቹ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም አይሠሩም።

ቤተሰቡ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ አንዱ «መጀመሪያ ቀለም ይቀባ» ይላል፣ ሌላው «ሞተሩ ወጥቶ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ይግባ»። የምንፈልገው ወደ አጋሮና ሊሙ እንዲሠራ ነው፣ አልፎ አልፎም አዲስ አበባ። ሊብሬው እስካሁን በአባታችን ስም ነው። ከየት ልጀምር?

ናፍጣ ቤት

ቀለሙን እርሳው፣ የመጨረሻው ሥራ እሱ ነው። ባትሪ ገዝተህ በሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ በሚያስነሳው) ለማስነሳትም አትቸኩል። ሩብ ዙር ሄዶ የሚይዝ ሞተር ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቋል፣ ወይ አንድ ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ደርቋል። በሞተሪኖ ከታገልከው ፋሻ ትሰብራለህ ወይም የቫልቭ ዘንግ ታጎብጣለህ።

አራቱን የማሞቂያ ካንዴላዎች አውጣ። እንቢ ካሉ ዙሪያቸውን በዝገት ማላቀቂያ አርሰህ አሳድር፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ውስጥ ከተሰበሩ ቴስታታ ማውረድ ይከተላል። በየቀዳዳው የሞተር ዘይትና ናፍጣ እኩል ቀላቅለህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨምርና 3 ቀን ተወው። የቫልቭ ክዳኑን ከፍተህ ስምንቱንም ቫልቮች በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርግ፤ ሁሉም ነጠር ብሎ መመለስ አለበት። ከዚያ በክራንክ ፑሊው ቡሎን ላይ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ ገጥመህ ወደፊትና ወደኋላ በትንሽ በትንሹ አወዛውዘው። በአንድ ጉልበት አይደለም። ሁለት ሙሉ ዙር በነፃ ከዞረ በኋላ ካንዴላዎቹ እንደወጡ በሞተሪኖ አዙረው፣ የጨመርከው ዘይት በቀዳዳዎቹ ይተፋል። ካንዴላዎቹን ገጥመህ ብታዞረው ፈሳሽ አይታመቅምና የፒስተን ዘንግ ይታጠፋል።

ብዙ ሰው የሚዘልለው የናፍጣ ፖምፓውን ነው። ለዓመታት የቆመ ፖምፓ ውስጥ ናፍጣ የሚለካው ዘንግ ሙሉ ላይ እንደተከፈተ ሊደርቅ ይችላል። እንዲህ ሆኖ ከተነሳ ሞተሩ ጋዝ ሳትሰጠው እየጮኸ ይወጣል፣ በቁልፍም አይጠፋም። ስለዚህ ከማስነሳትህ በፊት የማጥፊያውን ሊቨር በእጅህ ገፍተህ ልቀቀው፤ በነፃ ሄዶ መመለስ አለበት። መጀመሪያ የምታስነሳ ቀን የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ፈትተህ አንድ ሰው ጣውላ ይዞ አፉ አጠገብ ይቁም። በመዳፍ ለመዝጋት እንዳይሞክር፣ ይስበዋል።

የዚህ ሞተር ሌላው ደካማ ጎኑ ፖምፓው ጀርባ ያለው ዲያፍራም ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲሠራ ይወዛወዛል፣ ሲሄድ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዙሩም ልክ ያጣል። ይህን ጭስ አይቶ «ሞተሩ አልቋል» የሚል መካኒክ አይጠፋም። ሳትፈታው መሞከር ትችላለህ፦ ወደ ዲያፍራሙ ቤት የሚገባውን የአየር ሆዝ ንቀል፣ የማጥፊያውን ሊቨር እስከ መጨረሻው ግፋ፣ የሆዙን መግቢያ በጣትህ ግጥም አድርገህ ዝጋና ሊቨሩን ልቀቅ። ትንሽ ተመልሶ ቆም ካለ ደህና ነው። ወዲያው ፈንጠር ብሎ ከተመለሰ ተቀዷል።

የድሮውን ናፍጣ ለዕቃ ማጠቢያ ተጠቀምበት። ሰልባቲዮውን አውርደህ እስክታጥብ ድረስ ሞተሩን ከንጹሕ ጀሪካን አጠጣው፤ አለዚያ ዝገቱ ማጣሪያውን አልፎ ፖምፓ ይገባል። አዲስ ማጣሪያ አስገባና ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገመው። አየሩን በእጅ ፖምፓው አስወጣ፤ መጀመሪያ ከማጣሪያው፣ ቀጥሎ ከፖምፓው፣ በመጨረሻ ከኖዝሎቹ ቱቦ።

ከተነሳና ከሞቀ በኋላ ቫልቭ አስተካክል፦ ማስገቢያ 0.20፣ ማስወጫ 0.36 ሚሊሜትር፣ በሙቁ። ኮምፕሬሽን የሚለካልህ ሰው ደግሞ ጅማ ከባህር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ መሆኗን ይወቅ። በመጽሐፉ ለአዲስ ሞተር 30 ኪሎ (በካሬ ሴንቲሜትር) የተባለው እዚህ 24 እና 25 ቢያሳይ አየሩ ስለሳሳ እንጂ ሞተሩ ስለደከመ አይደለም። ይበልጥ የሚናገረው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ2 ኪሎ ካለፈ ምክንያቱን ፈልግ። የቤንዚን መለኪያ እንዳያመጣብህ፣ ይፈነዳል።

ባለ ፓራኦሊዮ

ናፍጣ ቤት ስለ ሞተር ያለውን እቀበላለሁ፤ እኔ ግን ሞተሩ በዘይት ተነክሮ በሚያድርባቸው 3 ቀናት የፊት አክስሉን ፍታ ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ካሰባችሁ ወደ ግቤ ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት አለ፤ በዘይት በራሰ የፍሬን ሸራ አይወረድም።

ጎማው የሚታጠፍበት ክብ ኳስ አናት ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቡሽ ታገኛለህ። ፍታውና ሽቦ ክተትበት። ወፍራም ጥቁር ግራሶ ከወጣ ጥሩ። እንደ አጥሚት የቀጠነ ነገር ከወጣ ግን የውስጠኛው ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) ሄዷል፤ የዲፈረንሻሉ ዘይት ኳሱ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን አቅጥኖታል፣ ከዚያ በኋለኛው ላስቲክ በኩል ወደ ታምቡሩ ወጥቷል። ውጭ ያለውን ላስቲክ ብቻ መቀየር ለአንድ ወር ነው።

ፓራኦሊዮ ከመግዛትህ በፊት የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ተመልከት። በጭቃ ወይም በተርብ ቤት ከተደፈነ፣ ዘይቱ ሲሞቅ ግፊቱ አዲሱንም ፓራኦሊዮ ይተፋዋል። የግማሽ አክስሉን ዘንግ ፓራኦሊዮው የሚነካበት ቦታ ላይ በጥፍርህ ዳስሰው፤ ጥፍርህ ከያዘ ጎድጉዷል፣ አዲሱን ፓራኦሊዮ ወደ ውስጥ 2 ሚሊሜትር ያህል አስርገህ ግጠመው፣ ያልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ።

ለሁለቱም ወገን የምትገዛው፦ 2 የውስጥ ፓራኦሊዮ፣ 2 የኳስ መጥረጊያ ስብስብ (ላስቲኩ፣ ጨርቁና ቀለበቱ አንድ ላይ ይሸጣሉ)፣ 4 የኳስ ኩሽኔት (ቤሪንግ)፣ 4 የጎማ ኩሽኔት፣ 2 የጎማ ፓራኦሊዮ፣ ጓርኒሲዮኖች (በክዳኖች መሐል የሚገቡ ማሸጊያዎች)። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦርጅናል ብረት መግዛት ነውር የለበትም፤ ላስቲክና ፓራኦሊዮ ግን ያገለገለ አይገዛም።

ስትፈታ ከኳሱ ላይና ታች ካሉት ክዳኖች ሥር ስስ የብረት ወረቀቶች ይወጣሉ። የላዩን ከታቹ፣ የግራውን ከቀኙ እንዳትቀላቅል፤ አክስሉን መሐል የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ከተቀላቀሉ አዲሱ ፓራኦሊዮ በአንድ ጎኑ ይበላል። የመሪው ክንድ ያለበት ክዳን አልወጣም ካለ ዳዶዎቹ ሥር ሾጣጣ ቀለበቶች ስላሉ ነው፤ በነሐስ ዘንግ ጎን ጎኑን ምታው፣ ብቅ ይላሉ። ስትገጥም ኳሱን ሁለት ሦስተኛ ያህል የሞሊብዲነም ግራሶ ሙላ። ዲፈረንሻሉ 2.5 ሊትር አካባቢ 80 ደብሊው 90 ዘይት ይይዛል፤ ለእሱ ደረጃው ጂኤል 5፣ ለካምቢዮው ግን ጂኤል 4 አድርግ፣ የነሐስ ቀለበቶቹን እንዳይጎዳ።

ፍሬኑ ላይ ዋናውን ፖምፓና የየጎማውን ትንንሽ ፖምፓዎች ሁሉንም ክፈት። የፊቱ በጎማ ሁለት ሁለት ነው። ውስጣቸው በዝገት ጎድጎድ ጎድጎድ ካለ የውስጥ ላስቲኩን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም፣ አዲስ ግዛ። በናፍጣ ወይም በቤንዚን አትጠባቸው፤ ላስቲኩ ያብጥና ፍሬኑ ይዞ ይቀራል። በአልኮል ወይም በራሱ በፍሬን ዘይት ነው የሚታጠበው። ዘይት የጠጣውን ሸራ በእሳት ለብልቦ መመለስ የተለመደ ነው፤ ግን ሲሞቅ ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል። ይጣል። ሦስቱን የላስቲክ ሆዞች ቀይር፣ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ሙላ፣ አየሩን ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምረህ አስወጣ።

ላሜራና ብየዳ

ወለሉ ከተበላ ወለሉ ብቻ አይደለም። መዶሻ ይዘህ ከሥር ግባ፤ ሻንሲው በተለይ ከኋላ ባሌስትራ (የብረት ሞላ) ማንጠልጠያዎች አካባቢና በኋለኛው መስቀለኛ ላይ ድምፁ ከጠራ ደህና ነው፣ ዱብ ዱብ ካለ ውስጡ በጭቃ ተሞልቶ ተበልቷል። ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸውን ላስቲኮች፣ የመስታወቱን የታችኛውን ጠርዝና የኋላ ፓራፋንጎዎችንም (የጭቃ መከላከያዎቹን) አትርሳ። የቡና ገለባ አጠገቡ ከነበረ ገለባው እርጥበት ይይዛል፣ ከተከመረበት ወገን ጀምረህ ፈትሽ።

የተበላውን ጤነኛ ብረት እስክታገኝ ቁረጥ። በላዩ ላሜራ ደርቦ ስቱኮ (መሙያ ልስን) መለጠፍ በሁለት ላሜራዎች መሐል ውኃ ማቆር ነው። ለወለል 1.2 ሚሊሜትር፣ ለሻንሲ 3 ሚሊሜትር ተጠቀም። ሻንሲ ላይ ማጠናከሪያ ስትለጥፍ ጫፉን ሰያፍ ቁረጠው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተበየደ መስመር ላይ ሻንሲው በጭነት ይሰነጠቃል። ከብየዳ በፊት ባትሪና ዲናሞ ይፈታ፣ ሰልባቲዮው ከረዳት ወንበር ሥር ከሆነ የግድ ይውጣ።

ወቅቱን አስብበት። ጅማ በክረምት ቀለም አይቀባም፤ እርጥበቱ ዱኮው (የላዩ ቀለም) ላይ ነጭ ጉም ያስቀራል፣ አንቲረስቱም ሥር ዝገት ይቀጥላል። ከኅዳር እስከ ጥር ጥሩ ነው፤ መጋዘኑ ግን ያኔ ለቡና ይፈለጋልና ቦታ ከወዲሁ አዘጋጅ።

አንድ ነገር ለወረቀቱ፦ በቀኝ በኩል ሻንሲው ፊት ላይ የተመታውን ቁጥር በድስክ አትንካው፣ ስቱኮም አታልብሰው። ሳይነበብ ከቀረ ስም ዝውውሩም ቦሎውም ይቆማል። የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት ከአሁኑ አውጡ፤ ሞተር ከቀየራችሁ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ መስተካከል አለበትና በሟች ስም እያለ ባትጀምሩት ይሻላል።

ናፍጣ ቤት

ስለ ዋን ኤች ዜድ ሳልመልስ ቀረሁ። 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ ነው፤ ጥሩ ሞተር ነው፣ ግን በሁለት ሲሊንደር ይረዝማል። ራዲያተር ይገፋል፣ የሞተር መያዣ በብየዳ ይሠራል፣ የፊት ባሌስትራ ይወርዳል። የእናንተው «ቢ» ሞተር በእርግጥ ከሞተ 3,431 ሲሲውን ሦስት ቢ ፈልጉ፤ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ መያዣውም ይቀበለዋል። ከዳይና ወይም ከኮስተር የወጣ ከሆነ የዘይት ገንዳውን ከእናንተው ሞተር ትወስዳላችሁ።

ሄርማታ 40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቡሹን ከፍቼ አየሁ፤ ግራው አጥሚት ነው፣ ቀኙ ወፍራም። መተንፈሻው ተደፍኗል። ቀኙንም አሁን ልፍታው? ሌላው፣ ባትሪዎቹ በተከታታይ ነው የታሰሩት፤ አንድ ባለ 12 ብቻ ብገዛስ?

ባለ ፓራኦሊዮ

ቀኙም ይፈታ። ፓራኦሊዮው የአንድ ዕድሜ ነው፣ ዘይቱም አንድ ጊዜ ይፈሳል።

ናፍጣ ቤት

በተከታታይ ከታሰሩ ሲስተሙ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባትሪ፣ እኩል አምፔር፣ አንድ ቀን የተገዙ። ግን ግማሹ ወደ 12 ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ከመግዛትህ በፊት ሞተሪኖው፣ ዲናሞውና ካንዴላዎቹ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብ። የ12 ካንዴላ በ24 ላይ በሰከንዶች ይቃጠላል፤ ጫፉ አብጦ ከቴስታታው አልወጣም ካለ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።